እናቴ ያለቀሰችበት ዋሻ

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ማታ ነው። ደዋዩ ከአጥቢያችን አገልጋዮች አንዱ ነው፤ የተከበረ ሰው ስለሆነ ስሙን አልጽፍም። «እትዬ ካቶሊኮች ዘንድ ሄደው ጸበል ጠጡ የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። ለካ የአክስቴ ልጅ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችውን ፎቶ አይቷል። ፎቶው ላይ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከአንድ የድንጋይ ዋሻ ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «የንስሐ አባታቸውን ቢያነጋግሩ ጥሩ ነው» ብሎ ተሰናበተኝ። እናቴ አጠገቤ ቡና እየቀዳች ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች።

ያን ዕለት አፌ ተያዘ። አሁን ልመልስለት።

ቦታው ኤሚትስበርግ ይባላል፤ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በ270 ወደ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን፣ ፔንሲልቬኒያ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር። ከማውንት ሴንት ሜሪስ ዩኒቨርሲቲ በላይ ያለው ተራራ ጫካ ነው። መግቢያው ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ የደወል ማማ አለ፤ አናቱ ላይ በወርቅ የተለበጠ የእመቤታችን ሐውልት ቆሟል። ለእኔ ትንሽ በዛብኝ፤ እናቴ ግን ወደደችው። ማማውን ካለፉ በኋላ ዛፍ ነው፣ ጥላ ነው፣ የእግር መንገድ ነው። ዋሻው ከመንገዱ ጫፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሉርድ በምትባል ከተማ፣ በርናዴት የተባለች የ14 ዓመት የወፍጮ ሠራተኛ ልጅ እመቤታችንን አየሁ ያለችበት ዋሻ አምሳያ ነው። የኤሚትስበርጉ የተሠራው በ1875 ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። ሐውልቷን ቀና ብላ አየቻትና «ይቺማ እሷው ናት፣ አይደል?» አለችኝ። ነች አልኳት። ከዚያ ተቀመጠች።

ታላቅ እህቷ ጎንደር ላይ ከሞተች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። ወረቀቷ ስላላለቀ ሄዳ አልቀበረችም። እዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ቤታችንን ሞልቶት ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ምግቡም ውኃውም ተትረፍርፏል። ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው ብቻዋን የምትሆንበት ቦታ ነው። ያቺ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አለቀሰች። ማንም «ይብቃሽ» አላላትም። አንዲት የማናውቃት ሴትዮ በአጠገባችን ስታልፍ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች፤ በቃ። ስንመለስ ሰዎች ከቧንቧው በጀሪካን ውኃ ሲቀዱ አየች፤ ቀድታ ጠጣች። ወንጀሏ ይኼው ነው።

የደዋዩን ፍርሃት ከባዶ የመጣ ነው አልልም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን እምነት ሲቀበሉ፣ ኋላም ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጥቶ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ ሲል፣ አገር ደም ተፋሷል። ንጉሡ በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁት ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በእኛ አያቶች ዘመንም የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር የፋሺስትን ወረራ ሲያወድስ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ይህን የረሳ ሰው አይምከረኝ። ግን ኧረ ጎበዝ! የሰባ ዓመት ሴት እህቷን አልቅሳ ውኃ ብትጠጣ ሜንዴዝ ተመልሶ ይመጣል?

ደግሞስ ዋሻና ጸበል ከመቼ ወዲህ ነው የባዕድ የሆነው? እናቴ ላሊበላን የተሳለመች ሰው ናት። ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታ ይጠራቀማል፣ ምእመኑም ይጠጣዋል። ይምርሐነ ክርስቶስም በጽድ ደን መሐል፣ ዋሻ ውስጥ ነው የታነጸው። ኤሚትስበርግ የገባች ቀን ያልደነገጠችው ለዚህ ነው፤ ያደገችበትን ነው ያገኘችው።

እንግዲህ የኔ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ይህን ፍለጋ ለምን ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት አስፈለገን?

አጥቢያችን ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር። በስንት መዋጮ እንደተገዛ አውቃለሁ፣ እኔም አዋጥቻለሁ፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ቅዳሴው በሞንታርቦ ነው፣ ስብከቱ በሞንታርቦ ነው፣ የጠፋ የመኪና ቁልፍ ማስታወቂያ ሳይቀር በሞንታርቦ ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ጥግ ይዤ ልጸልይ የሚል ሰው ወንበር ሲታጠፍ ነው የሚሰማው። ለብቻው ያለቀሰ ሰው እዚያ አይቼ አላውቅም።

ከሕንፃው ኋላ አሥራ ሰባት ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። በመጪው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ተቆርጠው ፓርኪንግ እንዲሆኑ ድምፅ ይሰጣል። ፓርኪንግ ያስፈልጋል፤ የኔም መኪና ሁለት ጊዜ ተጎትቶብኛል። ግን እስቲ ከየት እንደመጣን እናስብ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። የ«እመጓ» ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሰው ነው፤ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ፣ ተግጦ፣ ወይራውና ጽዱ የተረፈው በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ነው። ያን ያተረፉት ፓርኪንግ ስላላስፈለጋቸው ነው እንዳትሉኝ፤ ማገዶም፣ የእርሻ መሬትም፣ የቤት ማገርም ያስፈልጋቸው ነበር። ከእኛ ይልቅ ያስፈልጋቸው ነበር። ግን አልነኩትም።

እኔን ያናደደኝ ስልኩ ብቻ አይደለም። እናቴን የሰው ጫካ ሄደች ብሎ የደወለው ሰው፣ የእኛው ይቆረጥ ብሎ ሐሳቡን ያቀረበው ኮሚቴ አባል ነው። በአንድ እጅ መሄጃ ይከለክላል፣ በሌላው እጅ መቀመጫ ይነሣል። እሺ፣ ኤሚትስበርግ አትሂድ። ታዲያ የት ትሂድ? አሥራ ሰባቱ ዛፎች ሥር አራት አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ ከአስፋልቱ በብዙ ይረክሳል። መኪና ማቆሚያውን በየሳምንቱ እሑድ ባዶ ከሚውለው ከጎናችን ካለው ቢሮ መከራየት ይቻላል፤ ማንም ሄዶ አልጠየቀም። እኔ ሰኞ ዕለት ሄጄ ጠየቅሁ። «የምታናግሩን ሰው ላኩ» አሉኝ።

እናቴ የአባልነት መዋጮዋን ሳትከፍል ያለፈችበት ወር የለም። ጉባኤ ላይ ግን ተናግራ አታውቅም፤ «የወንዶች ወሬ ነው» ትላለች። ማክሰኞ ማታ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሲኒውን እያቀበለችኝ «ያ ስብሰባ በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።