የውጭ አገር ትዝታችን ከነአሠራሩ ይጻፍ



በልቤ ሲመላለስ የቆየውን አንድ አሳብ ለአንባቢዎችዎ አቀርብ ዘንድ ከጋዜጣዎ ዓምድ ጥቂት ቦታ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ በውጭ አገር ተምረን የተመለስን ሰዎች በተገናኘን ቁጥር የምናወራው ወሬ ነው። ይህ ደግሞ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ነገር ነውን ብሎ ገጹን ለመግለጥ የሚቸኩል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ ቀይ ሥሩ ድረስ እንዲታገሠኝ እጠይቀዋለሁ።

እንደሚታወቀው በሞስኮ፥ በኪየቭ፥ በኦዴሳ ወይም በያኔው ሌኒንግራድ ተምሮ የተመለሰ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ይገኝ ነበር። ከእነርሱም ሌላ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገና በልጅነታቸው ወደ ኩባ የተላኩ፥ «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት ግማሹን ቀን በትምህርት፥ ግማሹን ቀን በግሬፕፍሩት እርሻ ሥራ እያሳለፉ ያደጉ አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው የሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ነበሩ። ዛሬ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ወይ ጡረታ ወጥተዋል፥ ወይ ደጃፉ ላይ ደርሰዋል። የትምህርታቸው ማስረጃ በየመዝገብ ቤቱ ተቀምጧል፤ ከኑሯቸው የተረፈው ግን ያለው በአፋቸው ብቻ ነው።

እኛ ሰባት ወዳጆች በወር አንድ ጊዜ በየቤታችን ተራ እየገባን ቡና እንጠጣለን። ወሬያችን የታወቀ ነው። አንዱ በረዶው እስከ ጉልበቱ እንደ ደረሰ፥ ሌላው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ በተማሪዎች መኝታ ቤት በር ላይ የሚቀመጡትን አሮጊት ዘበኛ እንዴት አባብሎ እንደ ገባ ይተርካል። ትረካው ለሠላሳኛ ጊዜ ነው፤ ሳቁም በዚያችው ቦታ ላይ ይመጣል። ልጆቻችን ሰላምታ ሰጥተው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ «ቦርሽ» ብሎ የተናገረ እንደሆነ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ምራቅ ይዋጣል፤ ልጆቹም ብቅ ይላሉ። «አሠራሩስ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁ ግን የሚሰጣቸው መልስ «በዓይን ነው» የሚል ነው።

እኔ የምቃወመው ይህን መልስ ነው። በዓይን የተለካ ነገር ከዓይኑ ባለቤት ጋር አብሮ ይከደናል። በሞስኮ «ኤርሚታዥ» በሚባል ምግብ ቤት ሉሲየን ኦሊቪዬ የተባለ ሰው ነበር፤ በሠራው ሰላጣ ስሙ እጅግ ገነነ፤ ነገር ግን ሙሉ አሠራሩን ለማንም ሳይገልጥ በ1883 እ.ኤ.አ. እንደ ሞተ ይነገራል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው፥ ጣልያኖችም «ኢንሳላታ ሩሳ» የሚሉት፥ በድንችና በካሮት ተሠርቶ በማዮኔዝ የሚለወሰው ሰላጣ ሌሎች ሰዎች በግምት ያቃኑት ነው። ስሙ ቀረ እንጂ ሰላጣውስ ጠፋ።

እኛ ቀድሞ ስምንት ነበርን። ስምንተኛው ወዳጃችን በኪየቭ የተማረ መሐንዲስ ሲሆን ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ ሁለት ዓመት ሆነው። ያየውን ሁሉ የመጻፍ ልማድ ነበረው። ባርባው ዕለት ሴት ልጁ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ በአሮጌ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ጀርባ ላይ የቦርሽ አሠራር በእጁ ጽሕፈት ሰፍሯል። «ጋሼ፥ ሌላውን ሁሉ ከገበያ አገኘዋለሁ፤ ይህ ስሜታና የሚለው ግን ምንድን ነው?» አለችኝ። ስሜታና ከወተት ላይ ተገፍፎ እንዲኮመጥጥ የተደረገ ቅባት ነው፤ የእኛ ስልባቦት ቢያድር ወደ እርሱ ይቀርባል፤ ካልተገኘ ወፍራም እርጎ ይተካዋል፤ በጾም ቀን ደግሞ ይቀራል አልኋት። በሚከተለው ሳምንት ሠርታ ለእናቷ አቀረበችላቸው። እናቷም አንድ ማንኪያ ቀምሰው ለጥቂት ጊዜ ዝም እንዳሉ፥ ከዚያም ሳይናገሩ ሳሕኑን እንደ ጨረሱ ነግራኛለች። ስለ በረዶው የተተረከው ትረካ ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል አላደረገም።

እነሆ ወረቀቱ የሚለው። ለስድስት ሰው ሁለት መካከለኛ ቀይ ሥር፥ አንድ ካሮት፥ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፥ ሦስት ድንች፥ የአንድ ትንሽ ጥቅል ጎመን ግማሽ፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፥ ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፥ ሁለት ሊትር ውኃ። በፍስክ ውኃው የበሬ አጥንት የተቀቀለበት መረቅ ይሆናል፤ በጾም የተቀቀለ ቦሎቄ ይጨመርበታል። ድንቹና ጎመኑ አስቀድመው ይቀቀላሉ። ቀይ ሥሩ በመፈቅፈቂያ ተፈቅፍቆ ከካሮቱ፥ ከሽንኩርቱና ከድልሁ ጋር በሌላ መጥበሻ በዘይት ይቁላላል፤ አቼቶውም የሚገባው እዚያ ላይ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር የቀይ ሥሩን ቀለም እንዳይገረጣ ይጠብቀዋልና። ይህ ቅልቅል ድንቹ ሳይበስል ከተጨመረ ደግሞ ኮምጣጣው ድንቹን እንዳይለሰልስ ያግደዋል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ይንተከተካል። ነጭ ሽንኩርቱ ተቀጥቅጦ ሲገባበት፥ ሩስያዎች «ኡክሮፕ» የሚሉት ቅጠልም ሲነሰነስበት ይወርዳል፤ የእኛ እንስላል የዚህ ቅጠል የቅርብ ዘመድ ነው። ግማሽ ሰዓት ተከድኖ ይቆይ። ያደረው ከትኩሱ ይበልጣል።

በዚህ ምግብ የተነሣ በመካከላችን ክርክር ጠፍቶ አያውቅም፤ የሞስኮው ተማሪ የሩስያ ነው ሲል የኪየቩ የዩክሬን ነው ይል ነበር። ዩኔስኮ በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. የዩክሬንን የቦርሽ አሠራር ባህል አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ምክንያቱም በዚያው ዓመት በየካቲት የተስፋፋው ጦርነት ሰዎችን ከቀያቸው በማፈናቀሉ፥ አብረው የሚያበስሉበትና ለልጆቻቸው የሚያሳዩበት ኑሮ ስለ ተናጋ ነው። ለአንድ ድስት አሠራር ይህን ያህል የሚጨነቅ ዓለም ካለ፥ እኛ አንድ ወረቀት ብንጽፍ ምን ይከብደናል?

የራሳችን ምግብ ጠፋና ነው ወይ የሰው አገር ድስት የምትሰብክ የሚለኝ እንደማይታጣ አውቃለሁ። ይህን የሚለኝ ሰው ምሳውን ፓስታ በስልስ በልቶ የመጣ እንደሆነ ግን ብዙ አልከራከረውም። ደግሞም ቀይ ሥሩም፥ ጎመኑም፥ ድንቹም የሚገዛው ከራሳችን ጉልት ነው። እኛ በጾም ቀይ ሥር በድንች እንበላለን፤ ሩስያዎች ያንኑ ቀቅለው፥ በትንንሹ ቆርጠው፥ የኮመጠጠ ጎመንና ሽንኩርት ጨምረው «ቪኔግሬት» ይሉታል። ቀይ ሥሩ አስቀድሞ ለብቻው በዘይት ከታሸ ሌላውን አያቀላውም፤ ዘዴው ይኸው ነው። የአትክልት ዘይትንም በተለምዶ «የጾም ቅቤ» እንደ ማለት በሆነ ስም ይጠሩታል፤ እነርሱም እንደ እኛ ጿሚዎች ናቸውና። ለደመወዝተኛ ቤት የሚስማማ፥ ሥጋ የማይሻ ምግብ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከቤታችን የሚነሣ ነው፤ ይህ ግን እውነትነት አለው። የወዳጃችን ባለቤት ቡና እየቀዱ፥ «እናንተ ወንዶች አምስት ዓመት ሙሉ ራሳችሁ አብስላችሁ በላችሁ፤ ቦሌ ስትደርሱ ግን ድስት ምን እንደሆነ ረሳችሁ» አሉን። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሠራሩን የሚያውቀው ወንዱ፥ ማድቤቱ የሴቲቱ ሆኖ በመቅረቱ ዕውቀቱና ምድጃው ሳይገናኙ አርባ ዓመት አለፈ። በመኝታ ቤቱ የጋራ ማድቤት ውስጥ ከቬትናሙና ከየመኑ ተማሪ ጋር ምድጃ እየተሻማ ያበስል የነበረ ሰው፥ በገዛ ቤቱ ሽንኩርት መክተፍ ክብሩን የሚነካበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ጻፉ ብቻ አልልም፤ ሠርታችሁ አሳዩም እላለሁ።

ከዚህ ጋር ሊጻፍ የሚገባው ሌላም አለ፤ ጤፍ በሌለበት አገር እንጀራ የተጋገረበት ብልሃት። አሜሪካ የነበሩት ወዳጆቻችን የሚያብጥ የስንዴ ዱቄት በሶዳ ውኃ በጥብጠው በመጥበሻ ይጋግሩ ነበር። አሁን ጤፍ እዚያው አይዳሆ በሚባለው ግዛት ይዘራል፤ ብልሃቱን የሚፈልገው ሰውም እያነሰ ሄዷል።

የሚመጣው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ወዳጅ በሲኒ፥ በብርጭቆና በማንኪያ የተለካ አንድ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ አስታውቄአለሁ። ያስቸገረኝ የኩባው ነው። የእርሱ «ኮንግሪ» ሩዝ በቀይ ቦሎቄ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ቦሎቄ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋና በአዲስ ውኃ ቢያንስ አሥር ደቂቃ በኃይል ይፈላል፤ በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ሆድ ያውካልና። ከዚያም እስኪለሰልስ ይቀቀላል። የበሰለበት ቀይ ውኃ አይደፋም፤ ሁለት ብርጭቆ ሩዝ የሚበስለው በዚያው ውኃ አራት ብርጭቆ ነው። ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ በዘይት ተቁላልተው ይገቡበታል። ከሙኑን ስንት ብዬ ስጠይቀው «ሽታው እስኪበቃህ» አለኝ። መዳፉ ላይ እንዲያፈስስልኝ አድርጌ በማንኪያ ሰፈርሁት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ሆኖ ተገኘ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፤
ከአዲስ አበባ