የማታው ተማሪ የማን ተማሪ ነው?

ከቁሓ ወደ መቀሌ የሚወርደው ሚኒባስ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የሚጭነው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዘመድ ጠይቆ ወይም ገበያ ውሎ የሚመለስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ የያዘ፣ ዕድሜውም ከሃያ አምስት እስከ ሃምሳ የሚሆን፣ ከአንድ ሥራ ወጥቶ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድ ሰው ነው። ይህን ሁለተኛውን ሰው በአገራችን «የኤክስቴንሽን ተማሪ» እንለዋለን። ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ እርሱ ጥቂት ለማለት አስበናል።

ቁሓን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቦታዋ ከመቀሌ በስተምሥራቅ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የምትገኝ የቆየች ከተማ ናት፤ አሁን የመቀሌ አንድ ክፍለ ከተማ ሆናለች። በዓይን ሕክምናው የታወቀ ሆስፒታልም አላት።

በቅርቡ ዘመድ ለመጠየቅ እዚያ ሰንብተን ስንመለስ ከአንዲት አርባ ዓመት ከሚሆናቸው ወይዘሮ አጠገብ ተቀመጥን። ወይዘሮዋ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ይይዛሉ፤ ማታ መቀሌ ወርደው የሒሳብ አያያዝ ይማራሉ። በጉልበታቸው ላይ የዘረጉት ደብተር መካከሉ ላይ የሀብትና የዕዳ መግለጫ፣ ኅዳጉ ላይ ደግሞ የሽንኩርት፣ የዘይትና የበርበሬ ዋጋ ተጽፎበታል። ሁለቱም ሒሳብ ነውና አላስገረመንም። «መቼ ያጠናሉ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ ሲተኙ ነው፤ አንዳንድ ቀን ግን እኔ እቀድማቸዋለሁ» አሉና ሣቁ። ቀጥለውም ወደ እኛ መለስ ብለው፣ «አንተማ ወንድሜ፣ በቀን የተማርህ ነህ» አሉን።

በክፋት የተናገሩት አልነበረም። ይሁን እንጂ ቃሉ እስከ መቀሌ ድረስ ሲከነክነን መጣ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ በቀን ተማሪነታችን ዘመን የማታውን ተማሪ በደኅና ዓይን አናየውም ነበር። እኛ ስንወጣ እነርሱ ሲገቡ በር ላይ እንተላለፋለን፤ ከኋላቸውም «ዲግሪ ሊገዙ መጡ» እያልን እናሾፍ ነበር። መምህሩ ለእኛ በሦስት ሰዓት ያስተማረውን ለእነርሱ በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል ሲባል ስንሰማ፣ ጥፋቱ የመምህሩና የአስተዳደሩ መሆኑን ትተን የተማሪዎቹ አስመስለን እናወራው ነበር። በዚያ ስሙን በማንጠራው ግቢ የሬጅስትራሩ መስኮት በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ የማታው ተማሪ ከሥራ ወጥቶ የሚደርሰው ግን በዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰውየው ለዓመታት ከፍሎ በተማረበት ቤት የውጤት ወረቀቱን ለማግኘት ከመሥሪያ ቤቱ የዓመት ፈቃድ ይወስድ ነበር። ይህን ስንነግረው የማያምነን አይጠፋም፤ እኛ ግን በዓይናችን አይተናል። አይተንም ዝም ብለናል።

ከዚህ ተነሥተን የምንለው አንድ ነገር ነው። በትግራይም ሆነ በሌላው ክልል ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የማታውን፣ የቅዳሜና እሑዱን፣ የክረምቱንና የርቀቱን ትምህርት ከዋናው ሥራ በተረፈ ጉልበት የሚሠራ፣ ኪስ የሚደጉም ትርፍ ሥራ አድርገው የማየቱን ልማድ ትተው እንደ ዋና ግዴታቸው ሊቆጥሩት ይገባል። ለትግራይ ደግሞ ጉዳዩ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ፤ ወደዚያው እንመጣለን።

አስቀድመን ግን ስለ ቃሉ። «ኤክስቴንሽን» ማለት መዘርጋት፣ ማስፋት ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም ይኸው ክፍል የዩኒቨርሲቲው አንድ አካል ሆኖ ቀጠለ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሐሳብ ዩኒቨርሲቲው ከግቢው አጥር ውጭ እጁን ይዘርጋ የሚል ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ሠሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንደዚሁ ፊደልን ተሸክሞ እስከ ገጠሩ ጎልማሳ ደጃፍ ሄዷል፤ ትምህርቱም በኋላ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ይሰጥ ነበርና ትግርኛም አንዱ ነበር። በዘመቻው ብዙ የሚነቀፍ ነገር ይኖራል፤ ነገር ግን ገበሬው ፊደል ለመቁጠር ከተማ ይምጣ ያለ ሰው አልነበረም። ከፊደል በላይ ያለውን ዕውቀት ነው ሰው እየተጓዘ ይምጣና ይውሰደው ያልነው። እጁን ይዘረጋል የተባለው ዩኒቨርሲቲ መዳፉን ብቻ ዘርግቶ ክፍያ ይቀበላል ብንል አሽሟጣጮች እንባል ይሆናል፤ ይሁን።

የሚያስቸኩለው ምክንያት ይህ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በአገሪቱ በሙሉ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሌላው ክፍል ከወራት በኋላ ሲከፍት፣ በትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም፣ ከዚያም በኋላ ወራት አልፈው ክፍሎች እስኪከፈቱ ድረስ ሦስት ዓመት ሄደ። ሲዘጋ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረ ሲከፈት ዐሥራ ዘጠኝ ሞልቶታል። አንዳንዱ በሕይወት አልተመለሰም። ከተመለሰው መካከል አካሉ የጎደለ፣ ያገባ፣ የወለደ፣ ታናናሾቹን የሚያሳድግ፣ የቀን ሥራ የያዘ አለ። በሕግ ዐዋቂ ነው፤ በትምህርቱ ግን ልጅ ሆኖ በተወው ገጽ ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ሰው ከልጆች ጋር ጠዋት በሰልፍ ቁም ቢሉት አይቆምም፤ ቢቆምም ቤቱ እንጀራ የለም። በዚያ ላይ ደመወዛቸው ለብዙ ወራት ሳይከፈላቸው የቆዩት መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የጀመሩትን ዲግሪ አቋርጠው ነበር። ስለዚህ በትግራይ «ጎልማሳ ተማሪ» ማለት ከመንገዱ ወጣ ያለ ጥቂት ሰው ማለት አይደለም፤ አንድ ትውልድ በሙሉ ወደ ማታው ክፍል በር እየተገፋ ነው።

መምህርና ክፍል የለም እንዳይባል ደግሞ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ 42 ተማሪዎችን ይዞ መቀሌ ላይ የጀመረው የደረቅ መሬት እርሻ ኮሌጅ ከቢዝነስ ኮሌጁ ጋር በ1992 ዓ.ም. ተዋሕዶ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ፣ የአክሱም፣ የአዲግራትና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች ተጨምረው በትግራይ አራት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። ጦርነቱ በብዙው ላይ ጉዳት አድርሷል፤ ነገር ግን እዚያው ያሉ መምህራን አሉ።

አሁን ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ ምክንያቱም የመሥሪያ ቤት ሰው የሆነ አንባቢያችን ይህን በቶሎ ይረዳዋል። እኛ በቀን ስንማር ከኪሳችን ያወጣነው ክፍያ አልነበረም። በ1996 የትምህርት ዘመን የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት የትምህርቱን ወጪ አብዛኛውን መንግሥት ችሎ፣ የተማሪውን ድርሻ ደግሞ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ያደርጋል። ፈርመን ገባን፣ በላን፣ ተኛን፣ ተማርን። ለዚህ የዋለው ገንዘብ ከግብር የተሰበሰበ ነው። ግብሩን ከከፈሉት መካከል ደግሞ ያቺ የቁሓዋ ወይዘሮ ይገኛሉ፤ በየወሩ ከደመወዛቸው ሳይጠየቁ ይቆረጣል። እርሳቸው ራሳቸው ለመማር ሲመጡ ግን በየሴሚስተሩ፣ በየኮርሱ፣ ክፍል ከመግባታቸው አስቀድሞ ይክፈሉ ይባላሉ። ሥራ ያልነበረን እኛ በዱቤ፣ ስንሠራልህ ኖረናል የሚሉት እርሳቸው በጥሬ ገንዘብ! ይህን ያወጣው ባለሥልጣን ክፉ ሐሳብ ነበረው አንልም። ሠራተኛ ደመወዝ አለውና መክፈል ይችላል ብሎ ነው። ነገር ግን ደመወዙ የልጆቹ መሆኑን ዘንግቷል። የማታው ተማሪም በወጪ መጋራቱ ውል እንዲገባና ከደመወዙ በየወሩ እንዲከፍል ቢደረግ ምን ይጎድላል? አሠሪውና የደመወዝ መዝገቡ ከቀን ተማሪው ይልቅ የሚታወቀው የእርሱ ነው።

ገንዘቡ ቢቀልለትም ጉዞው ይቀራል። ቁሓ ለዩኒቨርሲቲ ቅርብ ናት፤ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የእንዳ ኢየሱስ ግቢ ያለው በከተማው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በቁሓ አቅጣጫ ነው። ከዚህች ቅርብ ቦታ የሚመላለሰው ሰው እንዲህ ከደከመ፣ የሳምረው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ የሓውዜኑ መምህር፣ የአቢ ዓዲዋ ነርስ ምን ይበሉ? ለዓይኑ ሕክምና ከሩቅ ወረዳ ወደ ቁሓ የሚመጣ ሰው አለ፤ መሣሪያው የሚገኘው እዚያ ነውና ምርጫ የለውም። የሒሳብ አያያዝ ለማስተማር ግን የሚያስፈልገው አንድ መምህርና አንድ ሰሌዳ ነው። በየወረዳው ከዐሥር ሰዓት በኋላ ባዶውን የሚያድር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ሃያ ተማሪ በሌሊት ከሚጓዝ አንድ መምህር ቢጓዝ አይሻልም ወይ?

ይህን ያደረጉ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር፣ አንቲጎኒሽ በምትባል ትንሽ ከተማ የቅዱስ ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ዓሣ አጥማጅ፣ ገበሬና የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሲሆን፣ ከድህነቱ ብዛት የተነሣ ወጣቱ አገሩን እየለቀቀ ይሰደድ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1928 የኤክስቴንሽን ክፍል አቋቁሞ ሞዘስ ኮዲ የተባሉትን ቄስ ሾመበት። እኚህ ሰው ዓሣ አጥማጁን ወደ ግቢው ና አላሉትም፤ እርሳቸው ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። ጎረቤታሞች በየቤታቸው እየተሰበሰቡ የሚያጠኑባቸው ትንንሽ ክበቦች ተቋቋሙ፤ ያጠኑትም የያዙትን ዓሣ ማን በስንት እንደሚገዛቸውና ለምን እንደሚረክስባቸው ነበር። ከዚያ ጥናት የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ የዓሣ አጥማጆች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ፋብሪካዎች ተወለዱ። ለዚህ ሁሉ ዲግሪ የተሰጠው ሰው አልነበረም።

እኛም ዘንድ ሰው ተሰብስቦ የሚነጋገርበት ቦታ አልጠፋም። ዕድር አለ፣ ዕቁብ አለ፣ የወር ማኅበር አለ። የዕቁብ ዳኛ የሆነ ሰው ሒሳብ ለመማር የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት አምጣ ሊባል ነው? የቁሓ ግንበኛ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ነው፤ የሥራ ዋጋ ግምትና የውል አጻጻፍ በሦስት ወር ቢማር ሥራ ተቋራጩ አያታልለውም። የበለስ ነጋዴዋ ክረምት ሲወጣ የሚበላሽባትን ፍሬ እንዴት እንደምታቆየው የሚያውቅ የምግብ ሳይንስ መምህር ከእርሷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ግን ተገናኝተው አያውቁም። መምህሩ ምናልባት በለሱን ከእርሷ ይገዛ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም ከእኛው ከምሩቃኑ ወገን ያሉት፣ «ይህ ሁሉ ጥራት ያበላሻል» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን አግዶ የነበረው በጥራት ስም ነው፤ እገዳው ከወራት በኋላ ቢላላም። ለደመወዝ ዕድገት ሲባል ብቻ የሚሰበሰብ ወረቀት መኖሩንም ማንም አይክድም፤ «የተማረ ይግደለኝ» ይል የነበረው ሕዝብ ወረቀት ብቻ የያዘውን ሰው ካየ ወዲህ አባባሉን መልሶ ሳያስብበት አልቀረም። ዳሩ ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል። የቀኑም የማታውም ተማሪ የሚቀመጠው ለአንድ ዓይነት ፈተና ነው። ፈተናው እኩል ከሆነ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት፣ የቤተ ሙከራው ቁልፍና የመምህሩ ዝግጅት ለምን እኩል አይሆኑም? በአንድ ሰዓት ተኩል የተማረን ሰው በሦስት ሰዓት ከተማረው ጋር ለክቶ «ይኸው ደካማ ነው» ማለት የጥራት ጥበቃ አይባልም።

ለጀማሪ ሹማምንት የሆናችሁ ጓደኞቻችን አንድ ነገር እናስታውሳችኋለን። ከእናንተ በታች ያለ ሠራተኛ ለፈተና ግማሽ ቀን ፈቃድ ሲጠይቃችሁ ፊታችሁን የምታጠቁሩት እናንተ ናችሁ። አዋጅ ሳይወጣ ነገ ጠዋት ልታስተካክሉት የምትችሉት ይህን ነው።

ሚኒባሱ መቀሌ ሲደርስ ጨለማው ወርዶ ነበር። ወይዘሮዋ ደብተራቸውን ወደ ፌስታሉ መልሰው ለመውረድ ሲነሡ፣ ረዳቱን፣ «ዛሬ ወደ ቁሓ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ሁለት ሰዓት ተኩል፣ እናቴ» አለ።

ትምህርታቸው የሚያልቀው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው።