በረሃውን ስም ቀይሮ መሸጥ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉናል፤ የካሊፎርኒያውን «ኢምፔሪያል ሸለቆ» ግን የሰየመው ሻጩ ነው። «የኮሎራዶ በረሃ» ቢለው ማን ይመጣለታል?

በ1901 (ሁሉም በፈረንጆች ነው) ውሃው ተለቀቀ፤ ሰፋሪው ጎረፈ። ልብ በሉ፣ መሬቱ የመንግሥት ነበር፤ ለሰፋሪው የተቸበቸበለት የውሃ አክሲዮን ነው። እሱስ ይሁን እንበል። ቦዩ በደለል ሲደፈን ግን ኩባንያው በ1904 ሜክሲኮ ውስጥ የወንዙን ዳር ቀደደ፤ መዝጊያ በር እንኳ ሳይሠራለት! በ1905 ጎርፍ መጣ፣ ወንዙ እንዳለ ገባ፣ የሶልተን ሐይቅ ተፈጠረ። ቀዳዳው የተደፈነው በ1907 ነው።

«በረሃ አለማን» ለሚሉን አንድ ጥያቄ አለን፤ እዚያ ሰው አልነበረም? የቶሬስ ማርቲኔዝ ካዊያ ሕዝብ ወደ 11,000 ኤከር መሬቱን ውሃ ዋጠበት። አክሲዮን አልገዛ፣ ቦይ አልቆፈረ! የካሳ ሕጉ የጸደቀለት በ2000 ነው።