ካርድዎን ከየት ያወጣሉ?

ሰሊጥ ታጭዶ ሂላው ከቆመ በኋላ፣ ደመወዙን በጉያው ሸጉጦ ከመተማ፣ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ እርሻዎች ወደ ደጋ የሚመለሰውን ወጣት ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ከነዚህ መካከል አንዳንዱ ከገንዘቡ ጋር ሌላም ነገር ይዞ ይመለሳል። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፤ እህል ያስጠላዋል፤ ሱሪው ይሰፋዋል፤ በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ጠጠር ያለ ነገር ይዳስሳል። ይህ ሰው በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ ዮሐንስ ከተማ መካከል ቆሞ «ካርድ ከየት ላውጣ?» ሲል፣ እርስዎ ወንድሙ ወይም አሠሪው ቢሆኑ ምን ይሉታል?

ነገሩ ወባ ሊሆን ይችላል። ቆላው የወባ አገር ነውና ሐኪሙ አስቀድሞ ወባን ቢጠረጥር አያስነቅፈውም። ነገር ግን የወባ መድኃኒት ተወስዶ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ካላ አዛርን ማሰብ ግድ ነው። ስሙ ከህንድ አገር የመጣ ሲሆን «ጥቁር በሽታ» እንደ ማለት ነው። ተውሳኩን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ሌይሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየፊናቸው ስለ ገለጹት የሁለቱን ስም ይዞ ቀርቷል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ስትበር ድምፅ አይሰማባትም፤ ቀን በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ተሸሽጋ ትውልና ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። ማሳ ላይ ያለ አጎበር የሚያድር የቀን ሠራተኛ ለእርሷ የተዘረጋ ገበታ ነው። ተውሳኩ ጣፊያን፣ ጉበትንና የአጥንት መቅኔን ይወርራል። ሳይታከሙ ከቀሩት ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆኑት እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። በመንገዱ ዳር ሰሌዳ የሰቀለ የግል ክሊኒክ አይጠፋም። ቅርብ ነው፤ ወረፋው አያሰለችም፤ መርፌም ይወጋል። ሕዝባችን ደግሞ መርፌ ያልወጋውን ሐኪም እንደ ሐኪም አይቈጥረውም፤ ይህ ጸሐፊም ከዚህ እምነት ፈጽሞ ነጻ ነኝ አይልም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ደም ይታይና «ወባና ታይፎይድ ነው» ይባላል። የሳምንት መድኃኒት ይሰጣል። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን ጋብ ይልና ይመለሳል። ከዚያ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ካርድ፣ ያው መድኃኒት። ሦስተኛው ካርድ ላይ የሰሊጡ ደመወዝ ያልቃል፤ ጣፊያው ግን ማበጡን አላቆመም።

የግል ክሊኒክ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ሆድን ዳስሶ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ሆስፒታል ሂድ» ብሎ የሚልክ ባለሙያ የብዙ ሰው ሕይወት ያድናል። ነገር ግን የካላ አዛር መድኃኒት ከመድኃኒት መደብር የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ለዚሁ ሥራ በተመደቡ የሕክምና ተቋማት በነጻ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ በሽተኛው የትም ቢዞር መድረሻው እዚያው ነው፤ ልዩነቱ በእግሩ ሄዶ መድረሱ ወይም በቃሬዛ መወሰዱ ላይ ነው።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ደርሰው ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «የካላ አዛር ምርመራ አላችሁ ወይ? ቢገኝብኝስ እዚሁ ታክሙኛላችሁ ወይስ ትልኩኛላችሁ?» ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሸማ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥለቱን ገልጦ ያያል።

በቆላው ይህን ሕክምና በመስጠት ስማቸው የታወቀው የመተማ ሆስፒታልና የአብደራፊ ጤና ጣቢያ ናቸው። በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ነገሩ የከበደበት በሽተኛ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ተጉዞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይደርሳል፤ በዚያ ለዚህ በሽታ ብቻ የቆመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። የጎንደር የጤና ትምህርት ቤት ራሱ የተወለደው ከቆላ ትኩሳት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነበር በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ስደተኞች በመተማ በኩል ከገቡ ወዲህ፣ በአማራ ክልልም ግጭት ከተከተለ ወዲህ፣ መንገዱም የመድኃኒቱም አቅርቦት ሊታመኑ የሚችሉ አይደሉም። ከመነሣትዎ በፊት በስልክ ወይም ከዚያ በሚመጣ ሰው ያስጠይቁ።

ስለ ምርመራው ጥቂት ማወቅ ይበጃል። የመጀመሪያው አር ኬ 39 የሚባል እንደ ወረቀት ቁራጭ ያለ መመርመሪያ ነው። ጥቂት ደም ይነካና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ ይታወቃል። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በምሥራቅ አፍሪካ በህንድ አገር የሚታመነውን ያህል አይታመንም። «የለብህም» ቢልና ትኩሳቱና ጣፊያው ባሉበት ቢቀጥሉ፣ ነገሩ አልቋል ብሎ ወደ ቤት መግባት ስሕተት ነው። ያን ጊዜ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህ የሠለጠነ እጅና ደም ቢፈስስ የሚያቆም ዝግጅት ይፈልጋልና በመንገድ ዳር ክሊኒክ የሚሞከር አይደለም። ሆስፒታልን የምንመርጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሌላም ደም ይጠየቃሉ፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ነው። «ስለ ትኩሳት መጥቼ ይህን ለምን ይጠይቁኛል?» ብሎ የሚቀየም ብዙ ነው። አይቀየሙ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከካላ አዛር በሽተኞች ከአምስቱ አንዱ፣ በአንዳንድ ወቅትም ከዚያ የሚበልጠው፣ ሁለቱን በሽታ አንድ ላይ ይዞ ተገኝቷል። የመድኃኒቱም ምርጫ በዚህ ይለያያል። ለብዙው በሽተኛ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉት መርፌዎች በየቀኑ ለ17 ቀን ይወጋሉ። ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው ግን ስቲቦግሉኮኔት አደገኛ ስለሚሆን አምቢዞም በደም ሥር፣ ሚልቴፎሲን ደግሞ በአፍ ይሰጠዋል። ለነፍሰ ጡርም የሚመረጠው አምቢዞም ነው። ይህን ምርመራ ሳያደርግ መርፌ ልጀምርልህ የሚል ቢኖር፣ ካርድዎን ይዘው ይውጡ።

17 ቀን አልጋ ላይ መዋል ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ በነጻ ቢሆንም እንጀራው፣ የአስታማሚው ማደሪያና የመመለሻው መሳፈሪያ በነጻ አይደለም። ከጎጃም ወይም ከወሎ ብቻውን የመጣ የቀን ሠራተኛ በዚህ ምክንያት በስምንተኛው ቀን ትንሽ ሲሻለው ተነሥቶ ይሄዳል፤ በሽታውም ተከትሎት ይሄዳል። ባለ እርሻ የሆኑ አንባቢዎቻችን ለሠራተኛው ስንቅ የሚያቀብል አንድ ሰው ቢመድቡ ከወጭው ጥቅሙ ይበልጣል። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ መርፌውን ግን አያቋርጥ። ጣፊያውን ማሳሸትና ማስተኮስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ያበጠ ጣፊያ ሊፈነዳ ይችላል።

«አገሬ ገብቼ እታከማለሁ» የሚለውም አለ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነውን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። አገሩ ደጋ ነው፤ ካላ አዛርም ከዚያ በፊት አይታወቅበትም ነበር። ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ መጥቷል ተብሎ ነበር። ኋላ ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ፤ ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ ባለሙያዎች ገመቱ። የደጋው ጤና ጣቢያ በሽታውን ያልጠረጠረው ከቶ አይቶት ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ደጋ ገብተው ከታከሙ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ «መተማ ሰሊጥ ላይ ነበርሁ» ይበሉ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች።

ድነው ሲወጡም የሚሰጥዎን ወረቀት አይጣሉ። አር ኬ 39 የዳነውንም ሰው ለብዙ ዓመታት «አለበት» እያለ ስለሚያሳይ፣ በሽታው ቢያገረሽ ወይም ሌላ ትኩሳት ቢይዝዎ አዲሱ ሐኪም ሊሳሳት ይችላል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡት፤ በስድስት ወርም ይዘውት ወደዚያው ሐኪም ቤት ተመልሰው ይታዩ።