ካርቱን ስለሆነ ብቻ የልጆች ነው?



ልጃችሁ ሞባይሉ ላይ አፍጥጦ ስታገኙትና ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ፣ በሥዕል የተሠራች መኪና በሌሊት የተራራ ቁልቁለት እየተምዘገዘገች ብትወርድ ምን ትላላችሁ? አንዳንዶቻችን «ካርቱን ነው» ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ሌሎቻችን ስልኩን ነጥቀን እንዘጋዋለን። ሁለቱም ፊልሙ ሳይታይ የተሰጠ ፍርድ ነው።

በዚህ እትም አብረን የምንመዝነው ኢኒሻል ዲ የተባለውን የጃፓን የሥዕል ፊልም ነው፤ ወጣቶቻችን እንዲህ ያለውን ፊልም አኒሜ ይሉታል። በመንገድ ላይ የመኪና እሽቅድምድም ከሚያሳዩት መካከል በጣም የታወቀው ይህ ነው። ታሪኩን የጻፈውና የሣለው ሹይቺ ሺጌኖ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2013 ያንግ ማጋዚን በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ወጥቶ በ48 ቅጽ ተጠናቅቋል። በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 26 ክፍሎች አሉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ መጽሔት የሚታተመው ለወጣት ወንዶች እንጂ ለሕፃናት አይደለም። ሥዕል መሆኑ የአሠራሩን መንገድ ይነግረናል እንጂ የተመልካቹን ዕድሜ አይነግረንም።

ለእኛ ልጆች ለምን ይቀርባል?

ዋናው ባለታሪክ ታኩሚ ፉጂዋራ የ18 ዓመት ተማሪ ነው። አባቱ ቡንታ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ የሚባል ምግብ ይሸጣል። ታኩሚ ሌሊት እየተነሣ ያንን ምግብ ተራራ ላይ ወዳለ ሆቴል ያደርሳል። መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ናት፤ እኛ «ዲኤክስ» ከምንላት ኮሮላ ጋር የቅርብ ዘመድ ናት። በዚያች አሮጌ መኪና ውድ መኪና ይዘው የሚመጡትን ሁሉ ቁልቁለቱ ላይ ይቀድማቸዋል።

ከወልድያ ወደ ድልብ በሚወጣው ጥምዝምዝ መንገድ የተጓዘ፣ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ገደሉን በመስኮት እያየ የመጣ ልጅ ይህን ሲያይ ሩቅ ሀገር አይመስለውም። ተራራውን ያውቀዋል፤ አሮጌዋን መኪና ያውቃታል፤ በሥራ ቤተሰቡን የሚረዳውን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ቢወዱት አትደነቁ። በውስጡም መልካም ነገር አለ። አባትየው ውኃ የያዘ ኩባያ መኪናው ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ ልጁ ምግቡ እንዳይፈርስ ውኃው ሳይፈስ መንዳት አለበት። የታኩሚ ችሎታ ከጉራ የመጣ አይደለም። ለዓመታት በትንሽ ሥራ ላይ በመጠንቀቅ የተገኘ ነው። ይህንን ለልጆቻችን ልንነግራቸው የምንፈልገው ነገር ነው።

መንገዱ የማን ነው?

ይሁን እንጂ ያው አባት ለልጁ የመኪና ቁልፍ የሰጠው ገና በ13 ዓመቱ ነው። በጃፓን ለመኪና መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚህም አልፎ ልጁ እንዲወዳደር የሚገፋፋው፣ ነዳጅ እሞላልሃለሁ ብሎ የሚያባብለው ራሱ አባትየው ነው። በሌላ ክፍል ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ አንድ እጃቸውን ከመሪው ጋር በፕላስተር አስረው ይሽቀዳደማሉ። ከታኩሚ ባልደረቦች አንዱ ሲለማመድ ተጋጭቶ ይጎዳል፤ ነገር ግን ታሪኩ ቶሎ ወደ ቀጣዩ ውድድር ያልፋል።

በፊልሙ ውስጥ መንገዱ በሌሊት ባዶ ነው። የእኛ መንገድ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ሲቆም አህያው፣ በጉ፣ እህል የተሸከመችው እናት ሁሉ መንገድ ላይ ነው። በገና ሰሞን በእግሩ የሚመጣው ምእመን ዳር ዳሩን ይዞ ይጓዛል። በዚያ ቁልቁለት ባጃጅ የሚያበር ልጅ የሚጫወተው በሰው ነፍስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉትም ዋነኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው።

ማንም ያላየው ጉዳይ

አብዛኛው ወላጅ ፍጥነቱን አይቶ ይፈራል። እኔን ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ድምፅ የሌለው የታሪኩ ክፍል ነው። ታኩሚ የሚወዳት ናትሱኪ የተባለች የክፍል ጓደኛ አለችው። ይህች ተማሪ በድብቅ መርሴዲስ ከሚነዳ ትልቅ ሰውዬ ጋር ትገናኛለች፤ እርሱም ገንዘብ ይሰጣታል። የምትጠራውም «ፓፓ» እያለች ነው። ይህ ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይጀምራል። ደም የለበትም፤ ጩኸትም የለበትም። ከጎን የተቀመጠ ወላጅ ሳያስተውለው ያልፋል። የ10 ዓመት ልጅ ግን ዓይኑ ያየውን በልቡ ያስቀምጣል፤ የሚያስረዳው ሰውም የለም።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር የጃፓን ብቻ ነው እንዳትሉ። ላሊበላ የእንግዳ ከተማ ናት። ከእንግዳ ጋር መግባባት ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል፤ በቅን ሰዎች ድጋፍ የተማሩ ልጆችም አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ፣ በ2021 በጦርነቱ፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት የእንግዳው እግር ሲሳሳ የብዙ ቤተሰብ ገቢ ተመታ፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ልጅ ሥራ ሲፈታ፣ ስጦታ ይዞ የሚመጣ ትልቅ ሰው ደግ አባት መስሎ ይታያል። ሴት ልጃችሁ አዲስ ስልክ ይዛ ብትገባ ከየት እንደመጣ የምትነግራችሁ፣ ሳትቆጡ ማዳመጥ ስትችሉ ነው።

ታኩሚ ይህንን ምስጢር ሲያውቅ ምን እንዳደረገም እዩ። በ1999 እ.ኤ.አ. በጀመረው ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ፣ በንዴት እንደተሞላ ከእርሱ በጣም ከሚበልጥ መኪና ጋር ይሽቀዳደማል፤ የመኪናዋም ሞተር ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በ2ኛ ነገሥት 9፥20 ላይ የኢይዝራኤል ግንብ ጠባቂ የሚመጣው ኢዩ መሆኑን የለየው ከሩቅ በአነዳዱ ነበር። ሰው መሪ ሲይዝ ልቡም አብሮ ይታያል። ልጆቻችን ከዚህ ክፍል የሚማሩት ይህን ቢሆን መልካም ነው፤ ግን ብቻቸውን አይማሩትም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህ ፊልም አይሆንም፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የናትሱኪ ጉዳይ ነው። ከ13 እስከ 15 ላለው ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ይየው። ከ16 ዓመት በላይ የሆነው ሊያየው ይችላል፤ ካየ በኋላ ግን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ተስማሙ። እናት ከልክላ አባት ቢፈቅድ ልጁ የሚማረው ሁለቱን ማጫወት ነው። ፊልሙን ከሞባይል ቤት በሚሞሪ አስጭኖ ከመጣ፣ መጀመሪያ ራሳችሁ ጥቂት ክፍል እዩ።

ስታዩም እነዚህን ጠይቁ። እዚያ ኩርባ ላይ አንዲት አህያ ብትሻገር ምን ይሆን ነበር? ናትሱኪና ሰውዬው መካከል የበለጠ ተጠያቂው ማን ነው? ታኩሚ ሰው ገጭቶ ቢገድል የሚጠየቀው እርሱ ብቻ ነው ወይስ ቁልፉን የሰጠው አባቱም? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አባቶች ለራሳችሁም ጠይቁ። ገቢ ጎደለ ብላችሁ ለ14 ዓመት ልጅ የባጃጅ ቁልፍ ሰጥታችሁ፣ ማታ ደግሞ ካርቱኑን ብትከለክሉት ማን ይሰማችኋል?

የመኪና ፍቅሩን ግን አታጥፉበት። የፊልሙ የአነዳድ አማካሪ ኬይቺ ጹቺያ በተራራ መንገድ ጀምሮ በኋላ በተከለለ የውድድር ሜዳ የታወቀ ባለሙያ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በፈረንሳይ በሚካሄደው የለማን 24 ሰዓት ውድድር ከጓደኞቹ ጋር 2ኛ ወጥቷል። የእናንተም ልጅ ሞተር መፍታትና መግጠም ቢወድ ጋራዥ ወስዳችሁ ከአንድ ጥሩ መካኒክ ጋር አገናኙት፤ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት እንዲገፋ አበረታቱት። እጁ ሥራ ሲይዝ ዓይኑ ከስልኩ ይነሣል።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ምረጡ። ከእራት በኋላ ከልጃችሁ ጎን ተቀመጡና «እስቲ የምታየውን አሳየኝ» በሉት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።