ስለ ቪዲዮ ጨዋታና ስለ ልጆች ጠባይ

በአዘናና አዘናን በመሰሉ ከተሞች ልጆች በቴሌቪዥን መስተዋት ላይ የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ ጠባያቸውን ያበላሻል ወይስ አያበላሽም የሚለው ጥያቄ ወላጅንም መምህርንም የሚያሳስብ ሆኗል።

ጨዋታ ሰውን እንደሚያስተምር ለአዊ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚታየው የፈረስ ጉግሥ፥ ከጦር ሜዳ የተገኘ፥ በቀድሞው ዘመንም ለጦር ሜዳ ያዘጋጅ የነበረ ነው። ነገር ግን ጉግሥ የተጫወተ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አልሆነም፤ ጨዋታው ቀን አለው፥ ሜዳ አለው፥ የሚቆጣጠር ሽማግሌም አለው። በገና ጨዋታም ሎሌ ጌታውን ቢመታ ነገሩ በዚያው ሜዳ ይቀር ነበር እንጂ ከዳኛ ፊት አይደርስም ነበር።

የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጣው ቃል፥ የግድያ ጨዋታ መጮህንና መገፋፋትን የመሰለ ቁጣ በጥቂቱ እንደሚጨምር፥ ወደ ከባድ ወንጀል ያደርሳል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። በ2019 የጸደቀው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ደግሞ፥ ሰው ጨዋታውን መተው አቅቶት ሥራውንና ኑሮውን እስኪጥል ድረስ መያዙን ከደዌ ቆጥሮታል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በደረሰው ግጭት ብዙ ልጆች የጥይትን ድምፅ በእውነት ሰምተዋል፤ ትምህርት ቤትም ተዘግቶባቸዋል። እንግዲህ የነዚህ ልጆች ጠባይ ቢሻክር፥ ጥፋቱን ሁሉ በመስተዋቱ ላይ መጫን ለታላላቆች የሚመች ምክንያት ነው እንጂ እውነት አይደለም።

ይልቁንም የሚያሠጋው ሌላ ነው። በጨዋታ ቤቶች ዘንድ የተሸነፈው ለሁለቱም ይከፍላል የሚል ልማድ አለ። ልጁ በመስተዋቱ ላይ የሚተኩሰው ጥይት ማንንም አይጎዳም፤ ለደብተር ከተሰጠው ገንዘብ አውጥቶ የሚከፍለው ግን እውነተኛ ብር ነው፥ የሚባክነውም የትምህርት ሰዓት ተመልሶ አይገኝም። የሚለምደውም መግደልን ሳይሆን ቁማርን ነው።

ቻይና በ2021 ሕፃናት በኢንተርኔት የሚጫወቱበትን ጊዜ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ወስናለች፤ ይህ ለእኛ አገር የሚሆን አይደለም፥ የሚያስፈጽመውም አይገኝም። የከተማ ሹም ግን የጨዋታ ቤት በትምህርት ሰዓት እንዳይከፈትና ውርርድ እንዳይደረግበት ማዘዝ ይችላል። ልጁ ጨዋታውን በቤቱ የሚጫወት እንደ ሆነ የንስሐ አባት ይጠይቀው፤ ሹም በማይገባበት ቤት ካህን ይገባልና።