የገዛ እጅና የባለሙያ እጅ

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ወደ ሽሮ ሜዳ በጉለሌ የውስጥ መንገዶች የሚጓዝ ሰው፣ በአንዳንድ ግቢ በር ላይ ኮፈኑ የተከፈተ ላንድ ክሩዘር ወይም የቆየ ላንድ ሮቨር ያያል። ባለቤቱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መፍቻና ፒንሳ ይዞ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል፤ ልጆቹም ዙሪያውን ከበው ይመለከቱታል። ይህን ሲያዩ አንዳንዶች «ጎበዝ ሰው ነው፤ ገንዘቡን ያድናል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የማያውቀውን ይነካካል፤ ነገ በጋራዥ እጥፍ ይከፍላል» እያሉ ያልፋሉ።

እንግዲህ ባለቤት መኪናውን በገዛ እጁ ሊጠግንና ሊያሻሽል ይገባዋልን? በእኔ አስተያየት ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ መስጠት ስሕተት ነው፤ መጠበቅና መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና። መኪናን በገዛ እጅ መጠበቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ያለ ዕውቀት መለወጥ ግን በሰው ሕይወት ቁማር መጫወት ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ላንድ ሮቨር በ1940 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ የላንድ ክሩዘር የመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ በ1943 ዓ.ም. በጃፓን ከተሠሩ ወዲህ፣ እነዚህ አራቱም ጎማቸው በሞተር ኃይል የሚዞር መኪኖች አስፋልት ባልደረሰበት አገር ሁሉ ሐኪሙን፣ መሐንዲሱንና የእርሻ ባለሙያውን ሲያመላልሱ ኖረዋል። በአገራችንም ክትባት ወደ ገጠር የሚደርሰው፣ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሆስፒታል የምትመጣው ብዙ ጊዜ በእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ እነርሱን በአዲስ መተካት ከቀድሞው ይበልጥ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግለን ከፈለግን፣ አያያዙን ማወቅ ይኖርብናል።

መኪናን በገዛ እጅ መጠበቅ ይገባል የምልበት የመጀመሪያው ምክንያት፣ ትልቁ ብልሽት ሁልጊዜ ከትንሽ ቸልታ የሚጀምር በመሆኑ ነው። ለዚህ የራዲያተር ክዳን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ መኪና 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ታዲያ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሳይፈላ ዳገቱን የሚወጣው፣ ክዳኑ እንፋሎቱን አምቆ ግፊት ስለሚፈጥር ነው። የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውኃው ይፈላል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በመጨረሻም የሞተሩ ቴስታ ይጣመማል። ክዳኑን መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የተጣመመ ቴስታ ግን ሞተሩን አስፈትቶ፣ መኪናውን ለሳምንታት ጋራዥ ያስቀምጣል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የሞተር ዘይት ልክን መመልከት፣ በበጋ አቧራ የታፈነውን የአየር ማጣሪያ ማራገፍ፣ የጎማ ነፋስ መለካት፣ የላላ ቺንጋ ማጥበቅ፣ የባትሪ ራስ ማጽዳት፣ እነዚህ ሁሉ በማንኛውም አስተዋይ ሰው እጅ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። ነገር ግን ቀላል ሥራም ሥርዓት አለው። የራዲያተር ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ከበረደ በኋላ ብቻ ነው። በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይገባም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፤ መኪናውም በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። የተቀየረውም ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ለሚረከብ ይሰጣል እንጂ በቦይ አይደፋም። የቀጨኔና የቀበና ወንዞች ከእንጦጦ ወርደው፣ በከተማው መካከል አልፈው ወደ አቃቂ ይገባሉና፣ በጉለሌ የተደፋው ዘይት ከታች ያለውን ገበሬና ከብቱን ይጎዳል።

ሁለተኛው ምክንያቴ የእጅ ሥራን ክብር የሚመለከት ነው። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አውቶሞቢሏና አዋጁ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት አለ፤ መኪና አስመጥቶ፣ መኪና የሚጠግነውን ሰው መናቅ አይቻልምና። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችና የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጎረቤት የሆነው የጉለሌ ሰው ይህን ከማንም በላይ ሊረዳ ይገባል። እጁን በግራሶ ያቆሸሸ ባለቤት የመካኒኩን ድካም ያውቃል፤ ድካሙን ያወቀ ደግሞ ሙያውን ያከብራል።

ከዚህ በላይ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ የማውቀው የጉለሌ ነዋሪ ላንድ ክሩዘሩን «ላሻሽል» ብሎ ተነሣ። ከመርካቶ ትልልቅ ጎማዎችና ወፍራም ባሌስትራዎች ገዝቶ፣ ከአንድ ወዳጁ ጋር በግቢው ውስጥ ገጠማቸው። መኪናው ከፍ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። በሳምንቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጎጃም ሊጓዝ አስቦ ነበርና፣ በሠፈሩ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ መካኒክ እንዲያዩለት ጠራቸው።

«ጋሼ፣ እንዴት ያዩታል?» አላቸው በኩራት።

ሽማግሌውም ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ መኪናው አድጓል፤ ፍሬኑስ አብሮ አድጓል ወይ?» ሲሉ ጠየቁት።

ቀጥለውም ዝቅ ብለው የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ቱቦ አሳዩት። ባሌስትራው መኪናውን ከፍ ሲያደርገው ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ቢወርድ ቱቦው ይበጠሳል፤ ቱቦው ሲበጠስ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ዘይቱ ሲፈስስ ፔዳሉ ቢረገጥ መኪናው አይቆምም። የጎጃም መንገድ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ያ ሰው ያን ዕለት የዋለው የቀድሞዎቹን ባሌስትራዎችና ጎማዎች ሲመልስ ነበር።

የጎማው ነገርም ከዚህ ያነሰ አይደለም። የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር ሲለካ በ10 በመቶ ቢጨምር፣ የፍጥነት ቆጣሪው 60 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው የሚሮጠው በ66 ነው፤ ትልቁን ጎማ ለማቆምም ፍሬኑ የበለጠ ይደክማል። መኪናው ከፍ ባለ መጠን ደግሞ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። እንዲሁም አንዳንዶች ጉልበት ለመጨመር ሲሉ የናፍጣ ፖምፓውን ከልኩ በላይ ይከፍታሉ። ነገር ግን በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ናፍጣ የሚቃጠለው በአየር በመሆኑ፣ አየሩ ሳይጨምር ናፍጣው ቢጨምር ትርፉ ጥቁር ጭስና የሞተር መጋል ብቻ ይሆናል። ደህና የሚሄድን መኪና እንዲህ ማድረግ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

«በየጋራዡ የሚያታልል ስለ በዛ ሁሉንም ራሴ ብሠራው ይሻለኛል» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ያልተበላሸ ዕቃ ተፈትቶ፣ ያልተለወጠ ዕቃ «ተለውጧል» ተብሎ ገንዘብ የተከፈለበት ጊዜ አለና። ይሁን እንጂ የማታለል መድኃኒቱ ባለሙያን መሸሽ ሳይሆን ማወቅ ነው። መኪናውን በየሳምንቱ የሚመለከት ባለቤት የትኛው ድምፅ አዲስ፣ የትኛው የቆየ መሆኑን ይለያል፤ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ «አሳየኝ» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ማታለል ቀላል አይደለም።

ታዲያ ወሰኑ የት ነው? መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት እያንዳንዱ ባለቤት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ብሳሳት የሚጎዳው ኪሴ ነው ወይስ የሰው ሕይወት? ሁለተኛ፣ ፋብሪካው የወሰነውን ልክ እያስጠበቅሁ ነው ወይስ እየለወጥሁ? ሦስተኛ፣ ሥራውን ስጨርስ ትክክል መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ አለኝን? የሞተር ዘይት የሚለውጥ ሰው ሦስቱንም ያለ ፍርሃት ይመልሳል። ፍሬንን፣ መሪንና ባሌስትራን የሚነካ ሰው ግን፣ ሙያውን ካልተማረ በቀር፣ አንዱንም ሊመልስ አይችልም። እንዲህ ያለው ሥራ ለሠለጠነ መካኒክ ይተው፤ ባለቤቱም አጠገቡ ቆሞ ይማር።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ነገ መኪና የሚይዝ፣ መካኒክ ወይም መሐንዲስ የሚሆንም ይኖራል። የመኪናው ባለቤት መሆን የመኪናውን አሠራር ማወቅ ማለት አይደለም፤ መፍቻ መያዝም ብቻውን ባለሙያ አያደርግም። የምታውቁትን በገዛ እጃችሁ ለመሥራት አትፈሩ፤ የማታውቁትን ለመጠየቅም አትፈሩ። ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቁልቁል የሚጀምር ሾፌር የሚተማመነው ከጉዞው አስቀድሞ በተሠራው ሥራ ነውና።